ሥልጠናው በየጊዜው ስሙን እየቀየረ ሲመጣ መምህር ምን ይበል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። በመንግሥት ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ያልሠለጠንኩበት የማስተማር ዘዴ የለም። ተማሪ ተኮር፣ አሳታፊ፣ ተከታታይ ምዘና፣ አንድ ለአምስት። አሁን ደግሞ የእያንዳንዱን ልጅ ‹የመማር ስታይል› ለይታችሁ በዚያ አስተምሩ ተባልን። አሠልጣኙ ‹ተማሪ የሰማውን 20 በመቶ፣ ራሱ የሠራውን 90 በመቶ ያስታውሳል› የሚል ሥዕል አሳየን። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ገና አጥርተው አያነቡም። ሰሌዳ ላይ አስረድቼ፣ አስደግሜ፣ አለማምጄ ሳስተምር ይገባቸዋል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግን ‹መምህር ተኮር ነሽ› ተብዬ ነጥብ ይቀነስብኛል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብዬ ዝም ልበል? ወይስ እውነትም ኋላ ቀር ሆኜ ነው?»

ምላሽ፦ መምህርት፣ ሰላም ለእርስዎም። ኋላ ቀር አይደሉም። ዝም ይበሉም አልልም። ነገሩ ሰፋ ያለ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ።

ከሥዕሉ እንጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ኤድጋር ዴል የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሾጣጣ ቅርጽ ሣለ። ከታች ልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር፣ ከላይ ደግሞ ቃላት ብቻ። አንድም መቶኛ አልነበረበትም። ዴል ራሱ ቅርጹን ቃል በቃል አትውሰዱት ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ቁጥሮቹን ከጊዜ በኋላ ሌሎች ለጠፉበት። ከበስተጀርባቸው ጥናት የለም። ደግሞ ቁጥሮቹን ይመልከቷቸው እስቲ፤ 10፣ 20፣ 30፣ 50፣ 90። የሰው ትዝታ እንዲህ በአሥር በአሥር ተቆራርጦ ይቀመጣል እንዴ? ምን የሰማ ተማሪ? ከስንት ቀን በኋላ ተጠይቆ? መልስ የለውም። ሥዕሉ ግን ዛሬም ከፕሮጀክተር ፕሮጀክተር ይዞራል።

«የመማር ስታይል» የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። አንዱ ልጅ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው፣ ሌላው በእንቅስቃሴ ይማራል፤ ስለዚህ በየራሱ መንገድ ይማር ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ዳሰሳ 71 ዓይነት የስታይል አከፋፈል ቆጠረ። ሰባ አንድ! በ2008 ደግሞ ሃል ፓሽለር ከሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ቀላል ጥያቄ አነሳ። ነገሩ እውነት ከሆነ «የዓይን» ልጅ በሥዕል ሲማር፣ «የጆሮ» ልጅ ደግሞ በንግግር ሲማር፣ በአንድ ዓይነት ፈተና እያንዳንዱ በራሱ መንገድ መብለጥ አለበት። በዚህ መልክ በሥርዓት የተሠራ ጥናት በጣም ጥቂት ነው የተገኘው። ከተገኙትም ውስጥ አብዛኞቹ ሐሳቡን አልደገፉትም። ልጆች የሚወዱት መንገድ አላቸው፤ ይሄ እውነት ነው። መውደድና በዚያ መንገድ የተሻለ መማር ግን ለየቅል ናቸው። ካርታ ለሁሉም በዓይን ነው፣ ዜማም ለሁሉም በጆሮ። ከ60 በላይ ልጅ በስታይል ሲከፋፍሉ ጊዜዎን አያባክኑ።

ወደ ዋናው እንምጣ። «ልጁ ራሱ ፈልጎ ያግኘው፤ መምህሩ አመቻች ይሁን» የሚለው ሐሳብ ዘመናዊ ተብሎ ይሸጥልናል እንጂ ዕድሜው ብዙ ነው። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ኤሚል የተባለ ልጅ እየሣለ ጽፎታል። ያ ልጅ ለብቻው አንድ ሞግዚት መምህር ነበረው። የእርስዎ ክፍል ውስጥ ኤሚሎቹ ከ60 በላይ ናቸው። በ1918 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ ትምህርት ሁሉ ልጁ ከልቡ በሚሠራው «ፕሮጀክት» ዙሪያ ይሁን አለ። የዚህ ወገን አባት ተብሎ የሚጠራው ጆን ዱዊ ራሱ በ1938 ተከታዮቹን ወቅሷል። የድሮውን ስለተቃወማችሁ ብቻ የራሳችሁ መርህ ያላችሁ አይምሰላችሁ የሚል መንፈስ ያለው ወቀሳ ነው። በእኛ ሥልጠናዎች ላይ የዱዊ ስም ይነሳል፤ ይሄኛው ዱዊ ግን ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ይቀራል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሶቪየት ኅብረት ታሪክ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በ1918 በወጣው ደንብ የቤት ሥራ፣ ቅጣትና ፈተና ቀሩ። የትምህርት ዓይነቶች ተበትነው «ተፈጥሮ፣ ሥራ፣ ኅብረተሰብ» በሚሉ ጭብጦች ሥር ገቡ። ቀጥሎ ሄለን ፓርክኸርስት አሜሪካ ውስጥ የጀመረችውን የዳልተን ዕቅድ ወስደው በራሳቸው መልክ አበጁት። ስሙን «የብርጌድ ላቦራቶሪ ዘዴ» አሉት። ተማሪዎች በብርጌድ ይቧደናሉ። ሥራ ይሰጣቸዋል። መምህሩ አማካሪ ነው። መጨረሻ ላይ አንዱ ተነስቶ ስለ ሁሉም ያቀርባል፤ ውጤቱም የሁሉም ይሆናል። ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ጎበዙ ሠራ፤ ሌላው ስሙን አስጻፈ። ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገቡት ልጆች መሠረት የሌላቸው መሆኑ እየታየ ሲመጣ በ1931 እና በ1932 የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ባወጣቸው ውሳኔዎች ዘዴው ቀረ። መምህሩ፣ መማሪያ መጽሐፉና የግል ውጤት ተመለሱ። (የስታሊን ሰዎች ይህን ያደረጉት ለልጆቹ ብቻ አስበው አይደለም። በቦታው የተተካውም ድርቅ ያለ ነበር።)

ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ለአምስት ትዝ ይለኛል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጎበዙ ደካማውን ያግዝ ነው። ሮበርት ስላቪን የተባለ ተመራማሪ የቡድን ሥራን ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። የቡድን ሥራ የሚጠቅመው ቡድኑ የጋራ ግብ ሲኖረውና እያንዳንዱ አባል ለየብቻው ሲጠየቅ ነው ይላል። በእኛ አገር የመጀመሪያው ተወሰደ፤ ሁለተኛው ተረሳ። ከዚያም የልማት ሠራዊት የሚባለው አደረጃጀት ገባበትና ቡድኑ መማሪያ መሆኑ ቀርቶ ሪፖርት መሙያ ሆነ።

ሌላው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ከ1968 እስከ 1977 «ፎሎው ስሩ» የሚባል ትልቅ ሙከራ ተካሄደ። 180 ገደማ በሚሆኑ ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ70,000 በላይ የድሃ ቤተሰብ ልጆች፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል፣ በተለያዩ ዘዴዎች ተማሩ። ልጁ እንደ ፍላጎቱ የሚንቀሳቀስበት ዘዴ ነበረ። መምህሩ ደረጃ በደረጃ አስረድቶ፣ አስደግሞ፣ ወዲያው እያረመ የሚሄድበትም ነበረ። በአማካይ የተሻለ ውጤት ያመጣው ይሄ ሁለተኛው ነው። በንባብና በሒሳብ ብቻም አይደለም። ልጆቹ ስለራሳቸው ባላቸው ግምት ጭምር በልጧል። ተቺዎች አንድ ትክክለኛ ነገር አንስተዋል። አንዱ ዘዴ ራሱ በአንዱ ከተማ ተሳክቶ በሌላው ወድቋል፤ ስለዚህ አሠራሩም ይወስናል ብለዋል። ይህን እቀበላለሁ። ቢሆንም ያን ያህል ገንዘብና ዓመት ከፈሰሰ በኋላ ውጤቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ትምህርት ቤቶቹ የሚወዱትን ዘዴ ይዘው ቀጠሉ።

ንባብ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። በ1967 ኬን ጉድማን ንባብ «የግምት ጨዋታ» ነው አለ። ልጁ ከሥዕሉና ከዓረፍተ ነገሩ ተነስቶ ቃሉን ይገምት፤ ፊደልና ድምፅ እያያያዙ ማስጠናቱ ያሰለቻል። ካሊፎርኒያ በ1987 በዚህ መንፈስ የንባብ ትምህርቷን ቀየረች። በ1994ቱ አገር አቀፍ ምዘና ከክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ መጨረሻ አካባቢ ተገኘች። ለዚያ የስደተኛ ልጆች መብዛትና የክፍል መጨናነቅም አስተዋጽኦ አላቸው ተብሏል። ግዛቲቱ ግን በዓመቱ ወደ ፊደልና ድምፅ የሚመልስ ሕግ አወጣች።

በእኛ ፊደል ግምት ፈጽሞ አይሠራም። 33 በ7፣ 231 ቅርጽ ነው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የትንሽ ጭረት ቦታ ነው። ማንም ልጅ ይህን ተመራምሮ አይደርስበትም፤ የሚያውቅ ሰው ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የንባብ ምዘና እንዳሳየው ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የክፍል መጨናነቅ አለ፣ ልጁ ቢችልም ባይችልም ወደ ቀጣዩ ክፍል ማለፉም አለ። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ። ፊደልና ድምፅን በግልጽ ማስተማር ተመልሶ ቦታ አገኘ።

እዚህ ላይ የኔታን ላንሳ። የፊደል ቆጠራ ልጆች ሀ ሁ ሂን በዜማ ይሉታል። አደጋው ይታወቃል፤ ልጁ ዜማውን ይዞ ፊደሉን ላያውቀው ይችላል። ለዚህ ነው አቡጊዳ የመጣው። ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ዓይኑ ከመስመር መስመር እንዲዘል ይደረጋል። በዜማው ብቻ የሚሄድ ልጅ እዚያ ጋ ይያዛል። ሽምደዳ ብለን የምንንቀው ትምህርት ሽምደዳውን የሚይዝበት የራሱ ወጥመድ ነበረው።

ቅኔ ቤቱን ደግሞ ያስቡት። ተማሪው በመጀመሪያ ግስ ያጠናል፣ አገባብ ያጠናል። ያ ረጅምና አድካሚ ነው። ቀጥሎ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የሰው ቅኔ ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። መምህሩ ያርመዋል፣ ይነቅፈዋል። ከዚህ የበለጠ «ፈጠራ» የት አለ? ፈጠራው ግን የቆመው በግሱ ላይ ነው።

ይህን የምለው የድሮውን ለማወደስ አይደለም። አርጩሜው ነበር። ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊት ደግሞ የወጣ ልጅም ብዙ ነው። ተማሪ ተኮር የሚሉት ሰዎች ልጅ አይመታ፣ በሚሰማው ቋንቋ ይማር፣ ጥያቄው አይናቅ ሲሉ ትክክል ነበሩ፣ ናቸውም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የጠበቀው በዚሁ መንፈስ ነው። ያመጡት ቅን ነገር ነውና ከዘዴው ጋር አብረን አንጣለው።

ታዲያ ማስረዳትና ማለማመድ ለምን ይሠራል? አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አዲስ ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ አራት ገደማ። 4ኛ ክፍል ላይ ማካፈል የሚማር ልጅ 7 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ በጣቱ እየቆጠረ ከሆነ ያቺ ጥቂት ቦታ በመቁጠር ታልቃለች። የማካፈሉ ሐሳብ የሚቀመጥበት የለም። የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሉ የያዘ ልጅ ቦታው ክፍት ነው። ጆን ስዌለር የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን ለዓመታት ፈትነውታል። ጀማሪ ተማሪ ተሠርቶ የሚታይ ምሳሌ አይቶ ሲማር፣ ያለ እርዳታ እንዲደርስበት ከተተወው ይበልጣል። ተማሪው እየበሰለ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ብዙ ማብራሪያ ያሰለቸዋል፤ ራሱ መፍታት ይጠቅመዋል። ስለዚህ «ማስረዳት ይሻላል ወይስ ልጁ ራሱ ቢደርስበት?» የሚለው ጥያቄ «ስለዚህ ርዕስ ልጁ አሁን ምን ያህል ያውቃል?» ካልተባለ መልስ አይኖረውም። የቅኔ መምህራን ይህን ጥናት ሳያነቡ ደርሰውበታል።

ፋሽኑ ለምን ይመላለሳል? ጉልቻ ያሉት ነገር ትክክል ነው፤ እኔ ግን የምጨምርበት አለ። ጉልቻው በተቀየረ ቁጥር ወጡን የቀመሰ ሰው አልነበረም። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሲገባ የሚታየው ነገር ውስን ነው። ዴስኮቹ ዞረዋል? ልጆቹ ያወራሉ? ግድግዳው ላይ ፍሊፕ ቻርት አለ? ልጆቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደሚቀራቸው በአርባ ደቂቃ አይታይም፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ አልገባም። ሐሳቡን ያመጣው አካል ደግሞ ውጤቱ እስኪታይ አይጠብቅም፤ ፕሮጀክቱ አልቆ ሄዷል። ውሎ አበሉም አለ፤ እሱን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ያለውን ይመልከቱት። ተማሪ ተኮር የሚለው ቃል በየሰነዱ ገባ። 1997 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፤ ልጁ መለሰ አልመለሰ ሳያይ ይቀጥላል። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው። ከዚህ የበለጠ ተማሪን የማያይ ዘዴ የለም። ያንኑ ዓመት ያንኑ መምህር ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ ያሠለጥኑት ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች እንደሚጣሉ የተናገረ ሰው ቢኖርም የሰማው አልነበረም።

ተጠራጣሪዎችም ግን ልክ እናብጅ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ «ተማሪ ተኮር ነው ያጠፋን» ያሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። አይመስለኝም። እነዚያ ልጆች በኮቪድ መዘጋትና በጦርነት ውስጥ ያለፉ ናቸው። ፈተናውም ከዚያ በፊት ባልነበረ ጥብቅ ሁኔታ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ነው። ደግሞም አብዛኛው ክፍል ውስጥ ተማሪ ተኮር የሚባለው ነገር ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ብቻ የሚለበስ ልብስ ነበር። ያልተሠራበት ነገር እንዴት ያጠፋል?

አሁን ምን ያድርጉ? አሠልጣኙን በአክብሮት ይጠይቁት። ይህ ዘዴ የት ተሞከረ? ስንተኛ ክፍል ላይ? ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጆች ነበሩ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ በለጠ? የተለካው በልጆቹ ፈተና ነው ወይስ በመምህራኑ አስተያየት? መልስ ካለው ይስሙት፣ ይሞክሩት። ከሌለው ሻይ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ እኔ ለምወደው ዘዴም ያቅርቡት። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ቱሶሜ» በሚባል ፕሮግራም ለመምህራን ዝርዝር የትምህርት ዕቅድ፣ ለየልጁ መጽሐፍ፣ ክፍል ድረስ መጥቶ የሚያግዝ አሠልጣኝ አቅርባ ንባብን አሻሽላለች። ጥሩ ማስረጃ ያለው ሥራ ነው። እዚህ ሲመጣ ግን መጽሐፉና አጋዡ ቀርተው ዝርዝር ዕቅዱና ቅጹ ብቻ እንዳይደርሰን እፈራለሁ።

ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን አይተዉ። ሰሌዳ ላይ ሠርተው ያሳዩ፣ አብረው ይሥሩ፣ ከዚያ ብቻቸውን ያሠሩ። አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ትምህርት ሲጀምሩ ደብተር አስዘግተው ከትናንቱ፣ ካለፈው ሳምንትና ካለፈው ወር አንዳንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ሁሉም ይጻፍ። ነጥብ አይስጡበት። የመማሪያ ስልቶችን ያነጻጸሩ ጥናቶች ደጋግመው ከፍ ያለ ቦታ የሰጡት ለሁለት ነገሮች ነው፤ ከትዝታ አውጥቶ መመለስና ልምምዱን በየጊዜው መበተን። ማርከርና ፍሊፕ ቻርት አይፈልግም። ቡድን ሲሠሩ ደግሞ የሚያቀርበውን ልጅ በዕጣ ያውጡት፤ ወረቀቱን ግን ከእያንዳንዱ ይቀበሉ። ያን ጊዜ ጎበዙ ራሱ ሌላውን ለማስረዳት ይታገላል።

ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ አይከራከሩት። «ከመዝገቡ የፈለጉትን ስም ይጥሩና ያለፈውን ሳምንት ይጠይቁት» ይበሉት። ሁሉም ልጅ በየደቂቃው የሚመልስበት፣ ከጎኑ ካለው ጋር የሚተራረምበት ክፍል በማንኛውም ቅጽ አሳታፊ ነው። ዕለታዊ ዕቅድዎ ላይ እነዚህን በግልጽ ይጻፏቸው፤ ያልተጻፈ ነገር ለእሱ አልተሠራም።

ከሁሉ የሚያስቸኩለኝ ግን አጥርተው ያላነበቡት ልጆች ናቸው። በዚህ ሳምንት ሁሉንም ለየብቻ አንዲት አጭር አንቀጽ ያስነብቧቸው። በሦስት ይለዩአቸው፤ ፊደሉ ያልተያዘለት፣ ፊደሉን ይዞ ቃል የማይገጥምለት፣ ቀስ እያለ የሚያነብ። ሕንድ አገር ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ እየቧደነ ማስተማሩ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። የፊደሉን ቡድን በአቡጊዳ ይፈትኑት። የየቡድኑን ቁጥር ይዘው ቢጽፉልኝ ለእያንዳንዱ የሚሆን መለማመጃ አብረን እናዘጋጃለን።